የእማሆይ ትርንጎ ሁለት ቃል

ስልኬ ሲጠራ የሩዝ መፈልፈያው እየጮኸ ስለነበር ምንም አልሰማ አለኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። የደወለው ጣራ ገዳም ያለ አንድ ዲያቆን ነው።

«እማሆይ ትርንጎ አርፈዋል» አለኝ። «ያንተን ቁጥር ሰጥተውኝ ነበር። ሌላ የምደውልለት ሰው የላቸውም።»

«ነፍሳቸውን ይማር» ማለት ሲገባኝ፣ «ይታይሽ ሰምታለች?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ይታይሽን ከየት ያውቃታል! ሩዛቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ፊቴን አይተው «ምነው፣ ምን ሰማህ?» አሉኝ። «ያዋለዱኝ ሴትዮ ሞቱ» አልኋቸው። አንዱ ሳቀ። «ጉድ እኮ ነው! አንተ ደግሞ አዋላጅህን እስከ ዛሬ ታውቃለህ?» አለ። እንግዳ ሰው መሆን አለበት። በኛ አገር ስለኔና ስለ ይታይሽ አወላለድ ያልሰማ ሰው አላውቅም።

ይታይሽ መንታዬ ናት። የእሷን ነገር ሳይናገሩ የእማሆይ ትርንጎን መናገር አይቻልም።

እማሆይ ቆብ ሳይደፉ በፊት እሜቴ ትርንጎ ነበሩ፤ ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ የቤታችን ጎረቤት። ባላቸው ከብት አርቢ ነበሩ፤ ኮርማቸውን ፈልጎ ላም እየነዳ የማይመጣ ሰው አልነበረም። ሚስቲቱን ደግሞ ሰው የሚፈልጋቸው ለላምም ለሴትም ነው። ጥጃ በእግሩ ሲመጣ እሳቸው ይጠራሉ፤ ልጅ ተጋድሞ ሲመጣም እሳቸው ይጠራሉ። «ሁለቱም ዘንድ ሥራዬ አንድ ነው» ይሉ ነበር። «ዝም ብሎ መጠበቅ። የሚያጣድፍ ሰው ላምም ይገድላል፣ ሴትም ይገድላል።» ቀለበት አያደርጉም። ጥፍራቸውን በምላጭ ከሥሩ ይቆርጡታል። ወሬ እያወሩ እንኳ አውራ ጣታቸውን በሌላው ጣት ላይ እያስኬዱ ሻካራ ነገር እንዳለ ይፈትሹ ነበር። እሳቸው ራሳቸው አልወለዱም። ይህን ግን አንድም ሰው አንስቶባቸው አያውቅም፤ የአገሩን ልጅ ሁሉ በእጃቸው ተቀብለው ማን ደፍሮ ያነሳባቸዋል?

እጃቸው እንዲህ ጠንቃቃ ነበር። አፋቸው ግን ጨዋታ ይወዳል። ሰው ካልሳቀ የመጡ አይመስላቸውም።

እኛ የተወለድነው በክረምት ነው። ፎገራን በክረምት ያላየ ሰው ፎገራን አየሁ አይበል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ መንደሩ ውሃ መሀል ይቀራል። እናቴ ምጥ ሲይዛት ጤና ጣቢያ መውሰድ የማይታሰብ ሆነና አባቴ እሜቴ ትርንጎን በታንኳ ይዟቸው መጣ። መጀመሪያ እኔ ወጣሁ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ጩኸታም። ከኔ ቀጥላ ይታይሽ መጣች፤ የነጣች፣ የደቀቀች፣ ድምፅ የሌላት። «ይቺስ ውላ አታድርም» አሉ የተሰበሰቡት ሴቶች። እሜቴ ትርንጎ አልሰሟቸውም። ቀሚሳቸውን ከፍተው ከጡታቸው መሀል ሸጎጧትና በጋቢ ተጠቀለሉ። እናቴ ልታጠባት ስትል ብቻ ያወጧታል፤ ከዚያ መልሰው ይሸጉጧታል። ልጅቱ ድምፅ አውጥታ እስክታለቅስ ድረስ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። እናቴ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ እንባዋ ይመጣ ነበር። ኋላ የሆነው ሁሉ ሆነ፤ እኅቴን ለሰውነት ያበቋት ግን እሳቸው ናቸው።

ከልጆቹ በኋላ እንግዴ ልጁ ወጣ። እሜቴ ትርንጎ ሁለተኛው ይመጣል ብለው ጠበቁ። አልመጣም። የወጣውን ብርሃን ወዳለበት ይዘውት ሄደው ሲያገላብጡት ሁለቱም እትብት ከአንዱ ላይ ነው የተነሳው።

«አንድ ነው!» አሉ። «ሁለት ሴት ወይም ሁለት ወንድ ሲሆኑ አይቻለሁ። ወንድና ሴት ሆነው ግን በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።»

ከቤቱ ጀርባ ደረቅ መሬት ፈልገው፣ አባቴን ጉድጓድ አስቆፍረው ራሳቸው ቀበሩት። ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ቢቀር ምን ነበረበት!

በአገራችን ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ መንታም ቢሆኑ ያው ነው። የኔ ቀደመ። ድግሱ ላይ ጠላው ሲዞር አንዷ ሴት እኔን አቅፋ፣ «ምነው ይሄ እንደ ኮርማ ሲሞላ እኅቱ እንዲህ መነመነች?» አለች። እሜቴ ትርንጎ ቀበል አድርገው፣ «የሷን ጠጥቶባት ነዋ! ጠጪ ነው ይሄ!» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ጣማቸው መሰለኝ ጨመሩበት። «እንግዴ ልጃቸውም አንድ ነው። ከወይፈን ጋር የተወለደች ጊደር ምን እንደምትሆን ታውቁት የለ!»

አሁን የሳቀ የለም። ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ላም ወንድና ሴት መንታ ስትወልድ ሴቷ መኻን ትሆናለች። ኮርማ አትቀበልም፣ ብትቀበልም አትይዝም፣ በመጨረሻ ለሥጋ ትሸጣለች። ተረት አይደለም። በዚያው ዓመት እሜቴ ትርንጎ ቤት እንዲህ ያለች ጊደር ነበረች፤ እሷ ናት አፋቸው ላይ የመጣችባቸው።

በኔ ክርስትና የወጣው ቃል የይታይሽ ክርስትና ሳይደርስ አገሩን አዳረሰ። ቄሱ የክርስትና ስም ሲያወጡላት መንደሩ የራሱን አውጥቶላት ነበር። «ጊደሯ» ነው የሚላት።

እኔም «ጠጪው» ተብያለሁ። በኔ ግን ማንም አልጨከነ፤ ለመሳቂያ ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ ጠጪው፣ ሩዝ ስናጭድ ጠጪው፣ ሳገባ ጠጪው። እኅቴ ፊት ሲጠሩኝ ፊቴን አዞር ነበር። ከእናቴ ሆድ ሳለሁ ያደረግሁት ነገር ኃጢአት ይሆንብኛል ብሎ ማን ያስባል? ሆነብኝ እንጂ። እሷ ቀጭን ናት፣ እኔ ወፍራም ነኝ። በአንድ ማዕድ ስንቀርብ ቶሎ ቶሎ መብላት አልወድም ነበር፤ እስከ ዛሬም አልወድም።

ይታይሽ ቆንጆ ሆና አደገች። ሽማግሌ ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም፤ ይመጣል፣ ጠላውን ይጠጣል፣ «መልሳችንን ይዘን እንመጣለን» ብሎ ይሄዳል። ያው ይቀራል። ወሬው ቤቱ ቀድሞት ይጠብቀዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎታ ትለስን ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። እኔ በረንዳው ላይ የማጭድ እጀታ እጠርባለሁ። እሜቴ ትርንጎ እርሾ ሊወስዱ መጡ። የሰሞኑ ሽማግሌዎች እንደ ቀሩ አልሰሙም። «ምነው የኔ ልጅ፣ ዛሬ ፊትሽ ከበደ?» አሏት።

ይታይሽ ከጎታው ዞር ሳትል፣ «እሜቴ፣ የኔን ማኅፀን አይተውታል?» አለቻቸው።

«ምን አልሽ?»

«ማኅፀኔን። ካዩት እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ። ካላዩት ምን አይተው ነው?»

እሜቴ ትርንጎ ጣታቸውን ጣታቸው ላይ እየፈተጉ ቆሙ፣ ቆሙ፣ ከዚያ እርሾውን ሳይወስዱ ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታቸውን ተዉት። ቤታችን ሲመጡም መደብ ላይ አይቀመጡም፤ «ግድ የለም፣ ይበቃኛል» እያሉ መሬት ላይ ይቀመጡ ጀመር። ይታይሽ በእጇ የሰጠቻቸውን ነገር አይቀምሱም፤ እናቴ ካልሰጠቻቸው በቀር። እናቴ «ምነው እሜቴ፣ እኛ እኮ አልተቀየምንዎትም» ትላቸው ነበር። አንገታቸውን ይደፋሉ።

በኋላ ከርብ ማዶ አያ ታከለ የሚባሉ ባለ ብዙ ከብት ሰው ለልጃቸው ለፈንታ ጠየቁን። ፈንታ ይታይሽን ወረታ ገበያ ላይ አይቶ ነው፤ ሌላ አላገባም ብሎ አባቱን አስጨንቋል። አያ ታከለ ግን ወሬውን ሰምተዋል። «ያዋለደቻቸው ሴት በሕይወት አለች። ትጠየቅ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትጠየቅ» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሴቶቹ በአንድ ወገን ቆመዋል፤ ይታይሽ ከመሀላቸው ናት፣ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ አድርሳዋለች። አያ ታከለ ጠየቁ። «የሁለቱ ልጆች እንግዴ ልጅ አንድ ነበር ወይስ ሁለት?»

እሜቴ ትርንጎ ወደ ሴቶቹ አዩ። ከዚያ ሄደው የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳለሙና ዞር አሉ።

«ሁለት ነበር። በዚህ እጄ ሁለት ቀብሬያለሁ። አንድ ያልሁት ጠላ ጠጥቼ ለሳቅ ነው። ሐሰት ተናግሬ እንደሆነ ይቺ ደጅ ትፍረድብኝ።»

አባቴ አጠገቤ ነበር። አንድ መሆኑን እሱ ያውቃል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እልል አሰኙ፤ ይታይሽ ተዳረች።

በሠርጉ ቀን እሜቴ ትርንጎ ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ሙሽራዋን አዩና እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ባላቸው ሞቱ። ከብቱን ለባላቸው ወገን ትተው፣ መነኮሱና ወደ ጣራ ገዳም ወጡ። ሰው «የባሏ ሐዘን ነው» አለ። አባቴና እናቴም የእሳቸውን ነገር በሆዳቸው እንደ ያዙ በየተራ አለፉ።

እኔ ሩዝ እየያዝሁ እየወጣሁ እጠይቃቸው ነበር። ከቤታቸው ስደርስ እንዴት ነህም አይሉኝም። «ያዘች?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ እማሆይ።»

መቁጠሪያቸውን መጎተት ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ አሉኝ። «በእግዜር ደጅ ዋሸሁ፤ እሺ። ውሸቴን እውነት ቢያደርግልኝ ምን ይጎልበታል? አንድ ልጅ ብቻ!»

ዓመት ዓመትን ወለደ፣ ይታይሽ ግን አልወለደችም። ርብ ማዶ ደግሞ ጉምጉምታው ተነሳ። ፈንታ ጥሩ ልጅ ነበር፤ ሌላ ከማግባት መታከም ይሻላል ብሎ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰዳት፤ እኔም ተከተልሁ። ብዙ ተመላለስን። ደሟ ተወስዶ ወደ አዲስ አበባ ተላከና ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሦስታችንንም አስገባችን። ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው።

«ይታይሽ፣ ደምሽ ውስጥ የሴትም የወንድም ደም ተገኝቷል» አለች።

ፈንታ ብድግ አለ። «ምን ማለት ነው? ሚስቴ ወንድ ናት?»

«ቁጭ በል፤ አልጨረስሁም። መንታ ነሽ ወይ?»

«ነኝ፤ ይኸው ወንድሜ» አለች ይታይሽ።

«እንግዴ ልጃችሁ አንድ ነበር ወይስ ሁለት?»

እግዜር ያሳያችሁ! ያ ጥያቄ ርብን ተሻግሮ፣ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ያዘን። ፈንታ «ሁለት ነው፤ ተምሎበታል» አለ።

ሐኪሟ አስረዳችን። አንድ ከነበረ የሚያስፈራ ነገር የለም። ሁለት ልጆች ከሁለት እንቁላል ተፀንሰው እንግዴ ልጃቸው አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብርቅ ነው እንጂ አለ። ያኔ የአንዱ ደም ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ዕድሜ ልክም አብሮ ይኖራል። ሌላው ሰውነታቸው ግን የየራሳቸው ነው። «ሁለት ከነበረ ግን ይህ የወንድ ደም ከወንድሟ አልመጣም ማለት ነው። ከራሷ ሰውነት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ መመርመር፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና አለው። ያዋለዷችሁ ሴት በሕይወት አሉ?»

እኔ ልናገር አፌን ከፈትሁ። ግን ምን አይቼ? ያኔ የምጮህ ሥጋ ነበርሁ። እናትና አባቴ የሉም፤ እኔ ብናገር ፈንታ «ለእኅቱ ብሎ ነው» ይላል። ይታይሽ ወደኔ ዞረች። «ሂድ አምጣቸው» አለችኝ።

ጣራ ገዳም ስደርስ እማሆይ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይጠርጉ ነበር። «ያዘች?» አሉኝ። አልያዘችም፣ ነገሩ እንዲህ እንዲህ ነው ብዬ ነገርኋቸው። መጥረጊያቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እውነቱን ብናገር ትድናለች?»

«ሐኪሟ ዘንድ ትድናለች።»

«ታከለ ዘንድስ?»

መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀበልሁ።

«እንግዲህ በሐሰት ዳርኋት፤ በእውነት ላፋታት ነው» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ሚኒባሱ ሜዳውን ሲያቋርጥ እማሆይ መስኮቱን ተደግፈው በየመስኩ የተሰማራውን ከብት ያያሉ። ወረታን ስናልፍ «ያችን ጊደር ባላየኋት!» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ አያ ታከለም መጥተዋል። ሐኪሟን ለብቻ ያነጋግሯት ብዬ እማሆይን ወደ ውስጥ ልወስዳቸው ስል ክንዴን ያዙኝ። «አይሆንም። በሰው ፊት ነው የዋሸሁት።» ሁሉም እስኪገባ ጠበቁ። ይታይሽን አላዩም፤ እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«አንድ ነበር» አሉ። «በዚህ እጄ አንድ ቀብሬያለሁ። የማልሁት በሐሰት ነው።»

ሐኪሟ ደስ አላት። የሆዳችንን ምን ታውቃለች! እማሆይን ወንበር ሰጥታ ልታስረዳቸው ተቀመጠች፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «እናቴ፣ በላም ላይ የሚያውቁት እውነት ነው» አለቻቸው። «ላም ላይ የወንዱ ደም ሲሻገር የሴቷ ማኅፀን ሳያድግ ይቀራል። ሰው ላይ ግን እንደዚያ አይደለም፤ የሚቀላቀለው ደሟ ብቻ ነው። ማኅፀኗን በመሣሪያ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። እሱ ቀልቶ፣ እሷ ነጥታ የተወለዱትም ደሙ ወደ እሱ ስላደላ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይተርፉም። እነዚህ መትረፋቸው ዕድል ነው።»

«አንድ መሆኑ እንግዲያ ምንም አልነበረም?» አሉ እማሆይ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ማልሁ?»

ሐኪሟ ነገሩ አልገባትም። እሳቸው መልስ የሚጠብቁ ይመስል ዐይን ዐይኗን አዩዋት። ብዙ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ፣ ብዙ ሙሾ ሰምቻለሁ፤ አንጀቴን እንደዚያ ጥያቄ የቆረጠው ግን የለም።

አያ ታከለ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «አንድ ነበር ማለት ነው» አሉ።

«አያ ታከለ፣ ሐኪሟ ያለችውን ሰምተዋል እኮ» አልኋቸው።

«ሰምቻለሁ። ብልህ ልጅ ናት፤ እግዜር ያሳድጋት። ግን ላም አስወልዳ አታውቅም።»

ወጡ። ፈንታ ይታይሽን አየት አደረጋትና አባቱን ተከተለ። ሩዙ ሲታጨድ ይታይሽ ተፈትታ፣ ሣጥኗን ይዛ ከኔ ቤት ነበረች።

በዚያው ሰሞን ሐኪሟ የኔንም ደም አይታው ነበር። የይታይሽ ደም እኔም ውስጥ አለ አለችኝ። ያኔ የልጆች አባት ነኝ። ከሷ የተገኘው ከኔም ተገኘ፤ እኔን ግን አንድ ሰው እንኳ በክፉ ዐይን አላየኝም፣ ማንም ሚስቴን አልነጠቀኝም። ይህን ለይታይሽ ስነግራት ሳቀች። «የኔን ብቻ አልጠጣህም፤ ያንተንም ትተህልኝ ሄደሃል ለካ!» አለችኝ። ለማጽናናት ነው። እኔ ግን ወጥቼ ከጓሮ አለቀስሁ።

እማሆይ ይቅርታ እንደሚለምኗት ነገርኋት። «የቱን ነው ይቅር የምላቸው?» አለች። «እውነቱ ሰው አሸሸብኝ። ውሸቱ ዳረኝ። ደግሞ እውነቱ መጥቶ አፋታኝ። የቱ እንደሆነ ይንገሩኝና ይቅር እላቸዋለሁ።» ይህን ጣራ ገዳም ወጥቼ ለእማሆይ ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። እኔም ያጣሁት እሱን ነው» አሉ።

ይታይሽ ወረታ ውስጥ አንድ ከዋንዛዬ የመጣ ሰው አገባች፤ ግንበኛ ነው። አላፊ አግዳሚው ስለ ጊደርና ስለ ወይፈን ሲነግረው «እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ስለ ከብት አላውቅም» አለ። እግዜር ይባርከው! ዓመት ሳይሞላት ፀነሰች።

የወለደችው ጤና ጣቢያ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። እማሆይ ከማን እንደ ሰሙ እንጃ፣ ቢጫ ልብሳቸውን ለብሰው ከአጥሩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሴት ልጅ ተወለደች። ስገባ ይታይሽ ላብ በላብ ሆና ትስቃለች።

«እማሆይ ደጅ ናቸው አይደል? ይግቡና ይቁጠሩ በላቸው፤ ልጅቱም አንድ ናት፣ እንግዴ ልጁም አንድ ነው።» ከዚያ ሳቋን ተወችና «ይቅር ብያለሁ በላቸው፤ ሁሉንም። መጥተው ልጄን ይቀፏት» አለችኝ።

እየሮጥሁ ወጣሁ። እማሆይ ሲሰሙ መሬቱን ሳሙ። ሲነሱ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት አላየሁባቸውም። ክንዳቸውን ያዝሁ።

«አልገባም» አሉ።

«እንዴት? ትጠብቅዎታለች እኮ!»

«ያየሁትን ብናገር እኅትህን ገደልኋት። ያየሁትን ብክድ ነፍሴን ገደልሁ። ይቺን ሕፃን አላያትም። ካላየኋት ማንም ስለ እሷ አይጠይቀኝም።»

«ይቅር ብላዎታለች እኮ፣ እማሆይ!»

«ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ራሴን ይቅር አላልሁም።»

ተለማመጥኋቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ እጄን አላቀው ወደ መናኸሪያው መንገድ ሄዱ። ተመልሼ ስነግራት ይታይሽ ሕፃኗን ወደ ግድግዳው አዙራ ታቀፈቻት። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ዳቦ ትልክላቸዋለች፤ ተቀብለው ለመነኮሳቱ ያድሉታል፣ እሳቸው አይቀምሱም። ልጅቱን እናምጣት ስላቸውም «ቆይ፣ ይቆይ» ነው።

የሞቱ ዕለት መፈልፈያውን ዘግቼ ይታይሽ ቤት ሄድሁ። ገና ሳልናገር ከፊቴ ላይ አነበበችው። ነጠላዋን አነሳችና ልጇን ልብስ ትቀይርላት ጀመር።

«ልጅቱን ምን ያደርግልሻል? ዳገቱ ይከብዳታል» አልኋት።

«አሁን እንኳ እምቢ አይሉኝም» አለች።

መኪናው ውስጥ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ልንደርስ ስንል፣ «ሰው እኔን እንደ ቂመኛ ነው የሚያየኝ። እኔ ይቅር ካልኋቸው ስንት ዘመኔ! እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው» አለች። እንባዋ ወረደ። ልጇ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

ቀብሩ ላይ መነኮሳቱ፣ ዲያቆኑና ከመንደራችን የመጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ፍትሐቱ እንዳለቀ ቄሱ ዙሪያውን አዩ። «የሟች ወገን ማነው? ወደ ፊት ይውጣና ሰው ያጽናናው» አሉ። የባላቸው ወገን አልመጣም። ልጅ የለ፣ እኅት የለ፣ ወንድም የለ። ሰው መሬት መሬቱን አየ።

ይታይሽ የልጇን እጅ ይዛ ወጣችና ከመቃብሩ ራስጌ ቆመች። «እኔ ነኝ» አለች።

«ምናቸው ነሽ ልጄ?»

«ከጡታቸው መሀል አሙቀው ነው ያተረፉኝ።»

የመንደራችን ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ክፉው ቃል የወጣው በኔ ድግስ፣ የኔን ውፍረት አይተው ነው፤ በየት በኩል ወጥቼ ልቁም? ይታይሽ ዞር አለችና አየችኝ።

«ና እንጂ! ምን ይገትርሃል?» አለችኝ። «የሁለታችንን አንድ እንግዴ ልጅ ቀበሩልን። እኛም ሁለት ሆነን እንቅበራቸው።»

ሄጄ ከጎኗ ቆምሁ።